ደጅ ላይ ቆሞ የተመለሰው ልጅ

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት አልፏል። ሰው «ምን ትሠሪ ነበር?» ሲለኝ «የመንግሥት ሥራ» ብዬ አልፈዋለሁ፤ እንዲያ ካላልሁ ረጅም ወሬ ይከተላል። ባለፈው ሰሞን ግን የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ አንድ የኮሪያ ፊልም አሳየችኝ። ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ያልፋል።

«ይኸን ማን ይጽፈዋል?» አልኋት።

«እኔ እንጃ እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ነው መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ሥራዬ ከዓለም እንደ ጠፋ ገባኝ። ያ ጽሑፍ እኔ ነበርሁ። ሰው ፊልም ሲያይ ከሸራው አጠገብ ቆሜ ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛና በአገውኛ መናገር ነበር ሥራዬ። ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥሁ።

የተወለድሁት አዘና አጠገብ ነው። በቤት አገውኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ ኋላም ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር እንግሊዝኛ ጨመርሁ። ሥራ የጀመርሁት በታይፒስትነት ነው። አንድ ቀን አለቃችን ጠርተው «አገውኛ ትችያለሽ አሉ» አሉኝ። «እችላለሁ» አልሁ። «እንግዲያው ከነገ ወዲያ ዳንግላ ትሄጃለሽ» አሉ። የተጠየቅሁት ይህን ብቻ ነው። ደመወዙ በወቅቱ ይደርስ ስለ ነበር ስለ እሱ የምለው የለኝም።

የንጉሡ ዘመን ነበር። መሥሪያ ቤታችን ፊልምና ማሽን በላንድሮቨር ጭኖ ከከተማ ከተማ የሚዞር ክፍል ነበረው። ሦስት ነበርን፤ ሾፌሩ፣ የማሽኑ ባለሙያ ጋሼ ደምሴ፣ እና እኔ። ዳንግላ፣ ቆሰበር፣ አዘና፣ አንዳንዴም ጥርባ እንሄዳለን። ቆሰበር የምለው እንጅባራን ነው፤ እኛ ዛሬም እንዲያ ነው የምንላት። እኔ በየደረስንበት ዘመድ ቤት ነበር የማድረው፤ ሴት ልጅ በመኪና ስትዞር ወሬው አይቀርምና።

ፊልም የምናሳየው በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከገጠር የመጣው ሰው ሳይመሽበት መግባት አለበት። የትምህርት ቤት ወይም የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ እንለምናለን። መስኮቶቹን ጥቁር በተነከረ አቡጀዲ እንሸፍናለን፤ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ከቀረ የቀርከሃ ምንጣፍ እንደርብበታለን። ውጭ ኤሌክትሪክ የሚሰጠን ሞተር ይንኳኳል፤ ውስጥ ሰዉ በአግዳሚ ወንበርና በመሬት ላይ ይጠጋጋል። እርጥብ በርኖስ ይሸታል።

ጋሼ ደምሴ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ፊልም ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ፊልሙን የሚይዙት በጠርዙ ብቻ ነው። ብርሃን የሚያልፍበትን የማሽኑን ቀዳዳ በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋሉ፤ አንዲት ጠጉር እዚያ ከቀረች ሸራው ላይ ገመድ ሆና ትታያለችና። ፊልም ሲበጠስ ጫፉን በምላጭ ፍቀው፣ በማጣበቂያ አጋጥመው፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው አንድ «አባታችን ሆይ» እስኪደግሙ ይይዙታል። ጸሎቱ ለእግዜር ይሁን ለማጣበቂያው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ፊልሙ ሲሄድ ሸራውን አያዩም ነበር። ማሽኑን በጆሯቸው ይከታተላሉ፤ ዓይናቸው ሰዉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እኔ የሴቷን በቀጭን ድምፅ፣ የሽማግሌውን በጎርናና ድምፅ እያደረግሁ እናገር ነበር። ሰዉ ሲስቅ የወደደኝ መሰለኝ። ጋሼ ደምሴ ዕቃ እያሰሩ «ስንዱ፣ ሰዉ አንችን ለማየት አይደለም የመጣ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ በራሴ ድምፅ፣ በአጭሩ፣ የተናጋሪው ከንፈር ሲከደን ጠብቄ መናገር ተማርሁ። ለሁለት ቋንቋ ጊዜ ስለማይበቃ፣ በአማርኛ አምስት ቃል ካልሁ በአገውኛም ከአምስት አላልፍም። ትንፋሽ መቁጠር ነው።

የጃፓኑ ፊልም የመጣልን ስለ ወባና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ከሚያስተምሩ ፊልሞች ጋር በአንድ ሣጥን ነው። ከውጭ የተሰጠ ስጦታ ነው ተብሏል። ነጭና ጥቁር፣ ሦስት ጥቅል፣ ከሥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈበት።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳቡሮ የሚባል ልጅ ከመበለት እናቱ ጋር በባሕር ጠረፍ ባለ መንደር ይኖራል። ትምህርቱን ሲጨርስ ከጓደኛው ጋር ትልቅ ከተማ ሄዶ በአንድ የናስ ፋብሪካ ይቀጠራል። አንድ ቀን ማሽኑን ጠብቅ ተብሎ ሳለ ትቶ ይወጣል፤ የጓደኛው እጅ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ ጓደኛው ይሰናበታል። ሳቡሮም ከዚያ በኋላ አይቀናውም። ይሰርቃል፣ ይታሰራል፣ ይፈታል። በመጨረሻ በዝናብ ወደ መንደሩ ይመለሳል። የእናቱ ቤት በር ከወረቀት የተሠራ ስለ ሆነ ከውስጥ መብራት ሲበራ ጥላዋ ይታያል። ልጁ ከቀርከሃ ሥር ቆሞ ጥላዋን ያያል። ብዙ ይቆማል። ከዚያ ዞሮ ይሄዳል። እናትየው ከጣራው ክፈፍ ሥር የተሰጣውን ልብስ ታስገባለች፤ በሩን ትዘጋለች። አለቀ።

መጀመሪያ ሳየው ጠላሁት። የሚያገባ የለ፣ የሚታረቅ የለ፣ ክፉ ሰው እንኳ የለበትም የሚረገም። አለቃችንም አልወደዱትም፤ ግን ስጦታ ነውና ይታይ አሉ። «ብቻ ለወጣቱ የሚጠቅም ቃል ጨምሪበት» ብለው አዘዙኝ።

መጀመሪያ ያሳየነው ዳንግላ ነው። የቆሰበር ዙሪያ ደጋ ባንጃ ቀርከሃና ድንች የሚበዛበት ስለ ሆነ፣ ቀርከሃው ሸራው ላይ ሲታይ አዳራሹ ተንጫጫ።

«እህ! ቀርከሃ! የባንጃ ሰዎች ናቸው እንዴ!»

ከፊት የተቀመጡት ሐጂ ሰይድ፣ የጨውና የስኳር ነጋዴው፣ ዞር ብለው «ባንጃ ቢሆንማ ድንች ጭኖ በመጣ ነበር» አሏቸው። ሰዉ ሳቀ።

ሦስተኛው ጥቅል ላይ ግን የሚስቅ ጠፋ። ልጁ በዝናብ ሲቆም ከየአቅጣጫው ጮኹበት።

«ግባ! ግባ እንጂ አንተ!»

«ብርድ ሊገድለው ነው እኮ!»

«እናትህ ናት፣ ምን ታፍራለህ!»

ልጁ ዞሮ ሄደ። ፊልሙ አለቀ፤ መስኮቱ ተከፈተ። የሚነሣ ሰው የለም። ሁሉም እኔን ያያል። «ከዚያስ?» አለ አንዱ። «ከዚያስ የታለ?»

እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም። መርዶ እንኳ ማልደው፣ ዘመድ ሰብስበው፣ የሚደግፍ ሰው አዘጋጅተው ነው የሚያረዱት። እስከዚያ ድረስ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። እኔም በዚህ ነው ያደግሁት። ለሞላ አዳራሽ በድምፅ ማጉያ «አልተመለሰም» ብሎ መናገር መርዶን ገበያ ላይ እንደ መጣል ሆነብኝ። ማይክሮፎኑን አነሣሁና «ነገ ይመጣል» አልሁ። «ለእናቱ ስጦታ ሊገዛ ሄዶ ነው።»

ሰዉ «እሰይ! እግዜር ይስጥሽ!» እያለ እየመረቀ ወጣ። ጋሼ ደምሴ ፊልሙን ወደ ጥቅሉ እየመለሱ ቀና ሳይሉ «ያልሽው ሦስተኛው ጥቅል ላይ የለም» አሉኝ።

«ሰዉ አዝኖ ይሂድ?»

«ቢያዝንስ?»

የወር ሪፖርታችን ላይ «የተመልካች ስሜት» የሚል ቦታ ነበር። «እጅግ ደስ ብሎት ወጣ» ብዬ ጻፍሁ።

ቀጥሎም ቆሰበር አሳየን፤ እዚያም ያንኑ ቃል ደገምሁ። ስንጨርስ አንዲት ሴት መኪናው ዘንድ ቆመው ጠበቁኝ። እማማ ተዋበች ይባላሉ።

«ልጄ፣ የምትናገሪው አንች ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ያ ልጅ ነገ ይመጣል ያልሽው የታወቀ ነው?»

«አዎ።»

«በራሱ? ሰው ሳይለምነው?»

«በራሱ።»

ታሪካቸውን ነገሩኝ። ይስማው የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። የሟች አባቱን ፈረስ ሳያስፈቅድ ለጉግስ አውጥቶ ፈረሱ እግሩን ተሰበረ፤ ተገደለ። ይስማው እናቱን ዓይን ለዓይን ሳያይ አዲስ አበባ ገባ። ሁለት ዓመት ደብዳቤ የለም። ሐጂ ሰይድ ግን ለንግድ ሄደው አንድ ጡብ ማምረቻ ውስጥ ሲሠራ አይተውታል፤ በሚቀጥለው ሳምንት በጭነት መኪናቸው እናቱን ሊወስዱለት ተስማምተዋል።

«እንግዲያስ አልሄድም» አሉ እማማ ተዋበች። «እኔ ስወጣ እሱ ቢመጣ፣ ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘውስ? በራሱ የሚመጣ ከሆነ ቤቴን ልጠብቅ።»

ማለት የሚገባኝን አውቄዋለሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ጋሼ ደምሴ ገመድ እየጠቀለሉ ያዩኛል። «እግዜር ያምጣልዎ እማማ» አልሁ።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን በየከተማው ደጋገምነው። ሦስት አራት ጊዜ ካሳየሁት በኋላ ንግግሩን በቃሌ ያዝሁት፤ ዓይኔ ከእንግሊዝኛው ጽሑፍ ተፈታ። መውደድ የጀመርሁት ያኔ ነው። ጓደኛው ሲሰናበት የቆሰለ እጁን ከጀርባው ደብቆ ነው የሚስቀው፤ ቀድሞ እኔ የኮራ ነበር የመሰለኝ። የፋብሪካው አለቃ ሳቡሮን ተቆጥቶ ሲጨርስ ጃንጥላውን ረስቶ እንደሚወጣ ሰው ትቶለት ይሄዳል። ይህን ማንም አይናገረውም፤ ጽሑፍም የለውም። የከተማው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይጮኻል፤ የመንደሩ ዝናብ ድምፁ ሳር ውስጥ ይቀራል። ይህን የሠራ ሰው ልጆቹን አይጠላቸውም፤ አዝኖላቸው ነው ዝም ያለው። ባየሁት ቁጥር ፊልሙ እየጠበበ ሳይሆን እየሰፋ ሄደብኝ። መጨረሻው ላይ ግን «ነገ ይመጣል» ማለቴን አልተውሁም።

አዘና ላይ ሦስተኛው ጥቅል ሲጀምር ድምፁ ጠፋ። ለድምፁ ብቻ የሚበራ አንድ ትንሽ አምፖል አለ፤ እሱ ተቃጥሎ ነው፤ መለወጫም አልያዝንም። ጋሼ ደምሴ ጆሯቸውን ማሽኑ ላይ ደቅነው «ምስሉ ደህና ነው፤ ይሂድ» አሉ። እኔም የምጠብቀው ድምፅ ስለሌለ ዝም ብዬ እንደ ሰዉ አየሁ።

ልጁ ደጅ ላይ ሲደርስ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ይጠርጋል። ይህን አውቀው ነበር፤ ሊገባ አስቦ ነው። ያላየሁት ጥላዋን ነው። ልጁ ጭቃውን ሲጠርግ ውስጥ ያለችው እናት ሥራዋን ታቆማለች። ጥላዋ ወደ በሩ ይቀርባል። እጇ ይነሣል፤ በሩን ይነካል። ከዚያ እጇን ትመልሳለች። ልጁ ይህን አያይም፤ ያን ጊዜ አንገቱን ደፍቷል። ቀና ሲል ጥላዋ ወደ ቦታው ተመልሷል። ሰምታዋለች። ያን ጊዜ ሁሉ ደጅ ላይ መቆሙን አውቃለች። እሷ ብከፍት ያፍራል ብላ ትጠብቃለች፤ እሱ ብትፈልገኝ ትወጣ ነበር ብሎ ይሄዳል።

ዕቃ ስናስር ለጋሼ ደምሴ ነገርኋቸው።

«እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ነው ያየሁት» አሉ። «ሸራውን አላይም ብዬሽ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ የኔን ነበር የምታይው።»

ያን ቀን አንድም ምግብ አልቀመስሁም። እማማ ተዋበችን አስብ ነበር። እኔ ነኝ በሩ ውስጥ ያስቀመጥኋቸው።

ቆሰበር የተመለስነው ፊልሙን መጀመሪያ እዚያ ካሳየን ሰባት ወር ሆኖ ነው። ከመኪና እንደ ወረድሁ ቤታቸውን ጠይቄ ሄድሁ። ድንች እየላጡ ነበር። ገና ቁጭ ሳልል «እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አልሁ። «ልጁ ነገ ይመጣል ያልሁት ከራሴ ነው። ፊልሙ ሲሄድ ነው የሚያልቀው።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «እናትየውስ?»

«ታውቃለች። እጇን በሩ ላይ አድርጋ ትመልሰዋለች።»

«ለምን አልወጣችም?»

«ፊልሙ አይናገርም።»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። ምን እንደሚያውቁ ግን አልነገሩኝም። «ሰባት ወር» አሉና ደግሞ ቢላዋውን አነሡ። ድንቹን ቀቅለው አቀረቡልኝ። እንቢ ማለት አልቻልሁም፤ ፊታቸው ቁጭ ብዬ በላሁ።

በዚያው ሳምንት እማማ ተዋበች ከሐጂ ሰይድ ጋር አዲስ አበባ ሄዱ። ሐጂ ሰይድ ሲመለሱ ዳንግላ ሱቃቸው ውስጥ ነገሩኝ። ይስማው አንድ ወር ቀደም ብሎ መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ወደ ደቡብ ወጥቷል። የትኛው መንገድ እንደ ሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

«ጡብ ይደረድርበት የነበረውን ቦታ አሳዩዋቸው» አሉኝ። «እዚያው ተቀመጡ። ግማሽ ቀን። እኔም ጭነቴን ትቼ አብሬ ተቀመጥሁ፤ ምን አደርጋለሁ።»

በሥራ ዘመኔ ብዙ ስሕተት ሠርቻለሁ። ስም ያለው ግን ይህ ነው፤ ስሙም አንድ ወር።

ቀጥሎ ቆሰበር ስናሳይ እማማ ተዋበች መጡ፤ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። ሦስተኛው ጥቅል መጨረሻ ላይ ማይክሮፎኑን ዘጋሁት። ሰዉ እንደ ልማዱ «ግባ! ግባ!» ይላል። ጥላው ወደ በሩ ቀርቦ ሲመለስ እማማ ተዋበች ብድግ አሉ። የጮኹት ግን ልጁ ላይ አልነበረም።

«ውጪ! ውጪና ተከተይው እንጂ አንች ሴት! ምን ትጠብቂያለሽ!»

ሰዉ ሁሉ ፊቱን ወደ ጥላው መለሰ፤ እጇ ከበሩ ሲመለስ ያን ጊዜ ነው ያዩት። ፊልሙ አለቀ። «ከዚያስ?» ያለ የለም። ጋሼ ደምሴ መስኮቱን እስኪከፍቱ አንድም ሰው አልተነሣም።

ሪፖርቱ ላይ «ዝም ብሎ ወጣ» ብዬ ጻፍሁ። አለቃችን አስጠሩኝ። «ዝም ብሎ ወጣ ማለት ምን ማለት ነው? የጨመርሽው ቃልስ?»

«አልጨመርሁም ጌታዬ።»

«ሕዝቡን አሳዝነሽ ልትልኪ?»

«አዎ።»

ወደ ታይፕ መልሰውኝ ነበር። አገውኛ የሚችል ሌላ ሰው ሲያጡ መልሰው ላኩኝ። ጋሼ ደምሴ ስገባ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ሳሙናውን አቀበሉኝ። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ያን ቀን የተበጠሰ ፊልም መቀጠል አስተማሩኝ።

እማማ ተዋበች እህል እንደ ተሰበሰበ መሬታቸውን ለባላቸው ወንድም አደራ ብለው ወጡ። መንገድ ወደሚሠራበት ወደ አንዱ ሰፈር፣ ከዚያ ወደ ሌላው እየጠየቁ እንደሚሄዱ ሰማን። ከዓመት በላይ ወሬ አልነበረም። ፊልሙም እያረጀ ሄደ፤ የመጨረሻውን ክፍል ሦስት ጊዜ ቀጥለነዋል፤ በተቀጠለ ቁጥር ትንሽ ያጥራል። በኋላ መልሱ ተብለን ላክነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርሁም። ብዙ ሌላ ፊልም ተናግሬአለሁ፤ ክፍሉ ሲዘጋም በሌላ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይዤ እስከ ጡረታ ሠርቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

አንድ የገበያ ቀን ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ደጅ ጠሩኝ። ዐረብኛ እንጂ አማርኛ ማንበብ አይሆንላቸውም። ፖስታ ሰጡኝ። «እስቲ አንብቢልኝ ልጄ።»

«ለሐጂ ሰይድ። ጤና ይስጥልኝ። እናቴ እዚህ ደርሳለች። መጀመሪያ ቀን አላወራንም። ምሳ ሠርታ ሰጠችኝ፤ በላሁ። አሁን ለሠራተኞቹ ዳቦ ትጋግራለች። መንገዱ ወንዙ ዘንድ ደርሷል። ዝናቡ በዝቷል። ደህና ነን። ይስማው።»

«ይኸው ነው?» አሉ ሐጂ ሰይድ።

«ይኸው ነው።»

«ምንም የለበትም እኮ! ናፍቆት የለ፣ ይቅርታ የለ። ስለ ዝናብ ነው እንዴ የሚጽፍልኝ! ወይ የዘንድሮ ልጅ!»

ወረቀቱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩት፤ መልሰው ሰጡኝ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምሁት። መካከል ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዪ። ሠርታ ሰጠችው፤ በላ?»

«በላሁ ይላል።»

ዞሩና መደርደሪያው ላይ በሥርዓት የቆመውን ስኳር እንደገና ይደረድሩ ጀመር። ጀርባቸውን እንደ ሰጡኝ «አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አሉ።

ጀመርሁት። «በላሁ» የሚለው ድረስ ሄጄ፣ ከራሴ ምንም ሳልጨምር ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሁት።